ቡልኮ የለበሰው ኮምፒውተር

በቤታችን ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፤ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ እናቴ ከመጋረጃ ትራፊ የሰፋችለት ቀሚስ አለው። ማቀዝቀዣው ላይ የተነጠፈው መኻሉ ላይ ወፍ አለበት። ዳክዬ ብላ ጀምራው አንገቱ ስለ ረዘመባት ሰጎን ሆኖ ቀርቷል። የሰፈራችንን የፋሲሎን አቧራ የሚያውቅ ሰው በእናቴ አይፈርድባትም። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው የደረሰብኝን ሁሉ በእሷ ላይ ለማላከክ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ቢያንስ ከግማሹ በላይ።

በሥራ ቀን የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክርስትና እቀርጻለሁ፤ የቀረጽሁትንም ራሴ አቀናብራለሁ። አቀናብር የነበረው ከአንድ የተዘጋ ኢንተርኔት ቤት በገዛሁት ኮምፒውተር ነበር። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሆዱ ሲፈታ የከተማችን ሐይቅ ቢንቢ በሙሉ እዚያ ገብቶ የሞተ ይመስላል። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ቬሎዋን እስክትሰበስብ ድረስ እኔ ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ እመለስ ነበር። ቢሆንም ተቻችለን ኖረናል። ያጣላን የአባቴ እግር ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል። መቋሚያውን፣ ጸናጽሉን፣ ከበሮውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግርን ከዜማው ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻል። እኔንም በልጅነቴ ሁለት ዓመት አስተምረውኝ ተስፋ ቆርጠዋል። ዜማው ይገባኛል፤ እግሬ ግን የሌላ ሰው ነው። ሊቃውንቱ ጥሩ ነገር ሲሰሙ "ይበል!" ይላሉ። ያችን ቃል አባቴ በጣም ነው የሚቆጥቧት። ለኔ ብለዋት አያውቁም፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስብላቸውም ነገር አልሠራሁም።

ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። የዓይን ግፊት ነው አለች ሐኪሟ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማዘግየት ነው፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን እሷም አታውቅም። በባጃጅ ስንመለስ አባቴ፣

"ስንቱን ተማሪ 'እግርህን! እግርህን!' እያልሁ ስቆጣ ኖሬ፣ የራሴን እግር ግን አይቼው አላውቅም" አሉ።

"እንዴት አባባ?"

"እንዴት ላየው? ስወርብ የማየው የፊት ለፊቴን ሰው ነው። መስተዋት ፊት ቆሞ የሚወርብ ካህን አይተህ ታውቃለህ? ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።"

አባቴ ከኔ ነገር ሲለምኑ ያ የመጀመሪያቸው ነው። በዓመቱ በዓል ከቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ፈቃድ ጠየቅሁና፣ ጠዋት ታቦቱ ወጥቶ ሊቃውንቱ ሲወርቡ በሦስት ካሜራ ቀረጽኋቸው። ሁለቱ ካሜራዎች የተውሶ ነበሩ። ጉልበታቸው ቢያማቸውም አባቴ ያን ቀን መኻል ገብተው ቆሙ። ከዚያ በኋላ አልቆሙም።

ቤት መጥቼ የቀረጽሁትን ስከፍተው አሮጌው ኮምፒውተር ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። የሠርግ ቪዲዮ ያስለመድሁትን ማሽን ሦስት ካሜራ ሙሉ ጥራት ያለው ምስል ተሸከም ስለው ጊዜ ሥዕሉ እየተንገጫገጨ ይቆማል። አባቴን ጠርቼ ሳሳያቸው ስክሪኑ ላይ ያሉት አባቴ ቀኝ እግራቸውን አነሡና በዚያው ቀሩ። ጠበቅን። ዜማው እየሄደ ነው፤ እግሩ ግን አልወረደም።

"ይህ ሰው እግሩን የሚያወርደው ለትንሣኤ ሙታን ነው?" አሉ አባቴ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

ኮምፒውተሩን ለማሳደግ የወሰንሁት ያን ዕለት ነው። "ለአባባ ፊልም ነው፤ ለሥራም ነው" አልሁ ለእናቴ። እውነት ነው። ያልነገርኋት ሌላም እውነት አለ። ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ ፔዳ አካባቢ ያሉ ጓደኞቼ በሙሉ የሚጫወቱት አንድ አዲስ የኳስ ጌም ነበር፤ በአሮጌው ማሽን ላይ ሜዳው እንኳ አይከፈትም። ለቪዲዮ የሚበጀው ዕቃ ሁሉ ለጌምም ይበጃል። ይህ የፋብሪካዎቹ ጥፋት እንጂ የኔ አይደለም። እናቴ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሳያገባ ኳስ በጣቱ የሚጫወት ልጅ እንዳላት ብታውቅ ስለት ልትሳልብኝ ትችላለች።

ፔዳ አንድ ጠባብ ሱቅ ያለው ጥገና የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የምፈልገውን ስነግረው ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣

"ለኤዲቲንግ ነው ለጌም?" አለኝ።

"ለኤዲቲንግ" አልሁ ጮኽ ብዬ። ከዚያ ዝቅ አድርጌ፣ "ትንሽ ለጌምም።"

"አቦ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ። እኔ ዕቃ እየሸጥኩ አይደለም፣ ኑዛዜ እየተቀበልኩ ነው።"

ከአሮጌው የተረፈው ስክሪኑና ማውሱ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ተለወጠ፣ ማዘርቦርዱ ተለወጠ፣ ራሙ በዛ፣ ዲስኩ ፈጣን ሆነ። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣ። ሲመጣ ከርዝመቱ የተነሣ አሮጌው ኬዝ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ አላስገባው አለ፤ ስለዚህ ኬዙም ይለወጥ ተባለ። ሱቁ ውስጥ የነበረው አንድ ኬዝ ብቻ ነው። ጎኑ መስተዋት፣ ፋኖቹ በቀይ በሰማያዊ በአረንጓዴ የሚበሩ።

"መብራት የሌለው የለህም?"

"ይሄ ነው ያለው። ደግሞ መብራት ያለው ይፈጥናል" አለኝ፤ ሳይስቅ።

ቤት አምጥቼ ስከፍተው ክፍሌ እንደ ጥምቀት ከተራ ደመቀ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችው። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ይህ ምንድን ነው? የጭፈራ ቤት ዕቃ አመጣህብኝ?"

"ኧረ እማዬ፣ ሙቀቱን የሚያሳይ ነው። ቀይ ሲሆን ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"ይህንማ የጎረቤት ዓይን ይበላዋል" አለች። በእጇ ስንዝር ቁመቱንና ወርዱን ለካችና ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ይዛው መጣች። ከአሮጌ ቡልኮ የተሰፋ፣ እጥፍ ድርብ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል ያለው ልብስ። አሠራሩን ከአባቴ ዳዊት ማኅደር ነው የቀዳችው፤ እንደ ማኅደሩ ከላይ ይጠለቃል፣ በጎን በማሰሪያ ይታሰራል። ለማብሪያው ቁልፍ ፊቱን ክፍት ትታለታለች፤ ለሽቦዎቹም ከጀርባ ቀዳዳ አበጅታለች። በሙያዋ እንከን አላገኘሁም። "አባትህ ያሉበት ዕቃ እንዲያው ሜዳ ላይ አይቀመጥም" አለች፤ አጥልቃለት ማሰሪያውን ቋጠረች።

እዚህ ላይ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ላብራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሙቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ቡልኮው ሲለበስ መብራቶቹ አልታዩም። መብራቶቹ ካልታዩ የሚጠይቀኝ የለም፤ የሚጠይቀኝ ከሌለ ጌሜን በሰላም እጫወታለሁ። ደግሞ ፊቱ ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል፣ አልሁ ለራሴ። እናቴን አመስግኜ ተቀመጥሁ።

መከራው ከዚያ ጀመረ። መቁረጡ መቀጠሉ ሰላም ነው። ሦስቱ ካሜራዎች እንደ ውኃ ይፈሳሉ፤ የአባቴ እግር ይነሣል፣ ይወርዳል። ሬንደር ልበል፣ ማለትም የቀጣጠልሁትን ሁሉ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣ ልዘዘው ስል ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ይሠራና ድርግም ይላል። መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። እንደገና። ድርግም። ስታቢላይዘር ገዛሁ። ድርግም።

ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሳፕላዩ ነው የታመመው ብዬ ኮምፒውተሩን ታቅፌ ፔዳ ወረድሁ። ቡልኮውን እርግጥ አውልቄለታለሁ፤ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ቡልኮ የለበሰ ኮምፒውተር ይዤ አልሄድም። ወዳጄ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠራ። "ለሙከራ" ብሎ የኔኑ ጌም ከፍቶ ሦስት ሰዓት ተጫወተበት፤ አንዴም አልጠፋም። ቤት መልሼ አለበስሁት፤ ድርግም። እንደገና ወሰድሁት፤ ይሠራል። መለስሁት፤ ድርግም። በሦስተኛው ጉዞ ባጃጁን የሚነዳው ሰውዬ ጉልበቴ ላይ ያለውን ዕቃ በመስተዋት አይቶ፣ "ዛሬም አልተሻለውም?" ብሎ ጠየቀኝ።

እናቴ በበኩሏ ምክንያቱን ደርሳበታለች። "ፔዳ ሲሄድ ይድናል፣ እዚህ ሲመጣ ይወድቃል። ይህ የዕቃ በሽታ አይደለም። ትንሽ ጠበል ረጨት ላርግበት?" ጠርሙሱን ይዛ ስትመጣ ከሷና ከማዘርቦርዱ መኻል ዘልዬ ገባሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ የለም? ጌሙንም ሞክሬው ነበር። ሁለት ለአንድ እየመራሁ በሰባኛው ደቂቃ ላይ ጠፋብኝ። በጊዜው ከፊልሙ ይልቅ ያ ነው ያበሸቀኝ።

አባቴ ማታ ማታ፣ እራት ላይ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው "ተነሣ?" ይላሉ። "አልተነሣም አባባ።" "እግዜር ይማረው" ብለው ይጎርሳሉ። እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን ከጆጉ ውኃ ሊቀዱ ብርጭቆውን በእጃቸው ይዘው ውኃውን ከብርጭቆው ጎን አፈሰሱት። ጠረጴዛው ረጠበ፣ ጋቢያቸው ረጠበ፤ እሳቸው ብርጭቆው ሞላ ብለው ጆጉን አስቀመጡ። እናቴ ብርጭቆውን ሞላችላቸው። ያን ቀን ፈራሁ። ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጥሎ ካለቀ ሳምንታት አልፈዋል፤ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ አይወጣም፤ ዓይናቸው ደግሞ እኔን አይጠብቅም። ጠዋት ወዳጄ ዘንድ ደውዬ "እባክህ ቤት ድረስ ና፤ እዚያው ሲታመም እየው" አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። እናቴ ምሳ ካልቀመስህ ብትለው መጀመሪያ በሽተኛውን ልየው አለ። አባቴ ክፍሌ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ሬንደሩን አስጀመርሁና ዞር አልሁለት። ወዳጄ ቆሞ አየ። ጎንበስ አለ። እጁን ሰደደ፤ ወዲያው መለሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ።"

"እሱን አውቃለሁ። የለበሰው?"

"ቡልኮ" አልሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ እያለ ነው ነገሩ የገባኝ።

እሱ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። "ወንድሜ! እንደ ምጣድ የሚግል ካርድ ገዝተህ፣ ቡልኮ፣ እጥፍ ቡልኮ!"

"ፊቱን ክፍት ትቼለታለሁ እኮ!" አለች እናቴ፤ ሙያዋ ተነካ።

"እማማ፣ ይሄ የሚተነፍሰው በጀርባውና በአናቱ ነው። ዕድሜ ለርስዎ ማሰሪያ፣ አፍና አፍንጫውን ነው ያሰሩት። ሊቃጠል ሲል ራሱን እያጠፋ ነው የተረፈው።"

አባቴ ከወንበራቸው፣ "ትኩሳት የያዘውን ሰው ደርባችሁ እያለበሳችሁ፣ ለምን አላበው ትላላችሁ" አሉ።

ወዳጄ ሳቁን ገታ አድርጎ ወደኔ ዞረ። "እማማስ አያውቁ። አንተ ግን እንዴት ዝም አልክ?" እናቴም አየችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የመናገሪያዬ ሰዓት ደረሰ። ማሰሪያውን ፈትቼ ቡልኮውን አወለቅሁት። ቀዩም ሰማያዊውም አረንጓዴውም ግድግዳው ላይ ተረጨ። ስለ መብራቱ ተናዘዝሁ፤ ስለ ኳሱም ተናዘዝሁ።

"ለኳስ ብለህ የአባትህን..." ብላ ጀመረችና እናቴ አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ያዳኑኝ አባቴ ናቸው። "የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም" አሉ። "ከግድግዳው ወዲያ 'ጎል!' ሲባል ስሰማ ነው የከረምሁት። ያላወቅሁት ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው። በሉ አሁን ምሳ አቅርቡ፤ በሽተኛውም ልብሱን አውልቆ ይሥራ።"

እኛ ምሳ ስንበላ እሱ ጨረሰ። ሳይጠፋ።

አባቴን ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኋቸው። አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ ደረሰ፤ በቀረቻቸው ጠባብ እይታ ምስሉን ለመያዝ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ። ነጭ በነጭ የለበሱት ሊቃውንት በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያው ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከበሮው እየፈጠነ ይሄዳል። አባቴ መኻል ላይ ናቸው። ቆንጆ ነበሩ። እናቴ ይህን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተናገረችው፤ እሳቸው አልሰሟትም ወይም ያልሰሙ መሰሉ።

"አቁም። መልሰው።"

መለስሁት።

"መልሰው።"

ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉና፣ "ይህ ሰውዬ ግራውን አሳስቷል" አሉ።

ወዳጄም እናቴም እኔም ተጠግተን አየን። ምንም የተሳሳተ ነገር አልታየንም።

"አባባ፣ ያችን ቦታ ብቻ ቆርጬ ላውጣት? በሌላ ካሜራ እሸፍናታለሁ፤ ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ። ተማሪ ሲሳሳት እግሩን ትቆርጥበታለህ? ተነሥ፣ ካሜራህን አምጣ።"

ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ እናቴ ጋቢያቸውን አስተካክላላቸው መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ከበሮ የለንም። እናቴ ሰማያዊውን የውኃ ጀሪካን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አባቴ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ትንሽ አሰቡና "ምቺው፤ ቀስ አድርገሽ" አሉ። እኔ በካሜራዬ እግራቸውን ብቻ አጥብቄ ያዝሁ። በዜማ እየመሩ ያችን አንዲት ቦታ ወረቧት። አንዴ አልበቃቸውም። ሁለት። በሦስተኛው "እንካ" ብለው ማንጎውን ተደገፉ፤ ወዳጄ ወንበር ይዞ ሮጠ።

የግቢያችንን እግር በበዓሉ ምስል መኻል አስገብቼ፣ ድምፁን ከበዓሉ ከበሮ ጋር አስማማሁት። ማሽኑ አጓርቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አወጣው። ልብ ብሎ ላየ ሰው የሊቃውንቱ ምንጣፍ ለጥቂት ጊዜ የኛ ሣር ይሆናል፤ ጥግ ላይም የጀሪካን ጫፍ ይታያል። አልቆረጥሁትም።

አባቴ እንደገና ተጠግተው አዩ። ያች ቦታ ስትደርስ ከወንበሩ ሥር የራሳቸው ግራ እግር ተነሥቶ አብሮ ወረደ። "ይበል!" አሉ። ለስክሪኑ ሰውዬ ይሁን፣ ለኔ ይሁን፣ ለማሽኑ ይሁን አልጠየቅሁም። እኔ ለራሴ ወስጃታለሁ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። አሁን አባቴ ከብርሃን፣ ከጥላና ከደማቅ ቀለም በቀር አይለዩም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን እየዳበሱ ክፍሌ ይመጣሉ። እናቴ ቡልኮውን ተርትራ ሠርታዋለች፤ የሳቸው ጉልበት ላይ ነው የሚውለው። ኮምፒውተሩ በቤታችን ራቁቱን የሚቀመጥ ብቸኛው ዕቃ ነው። ፋኖቹ ሲበሩ አባቴ "ቀይ ሆነ" ይላሉ፤ እሱ ይታያቸዋል። አንዳንዴ ኳስ አስከፍተው ውጤቱን እየጠየቁ ይከታተላሉ፤ ስሸነፍም ይቆጡኛል። መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ ፊልሙን ነው የሚያስከፍቱኝ። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዳምጣሉ፤ ዜማው ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ እጃቸውን ክንዴ ላይ ያሳርፋሉ።

"አሁን" ይላሉ። "ግራዬን አነሣሁ።"

ቀና ብዬ ስክሪኑን አያለሁ። ሣሩ ላይ፣ ከጀሪካኑ ጫፍ አጠገብ፣ ግራ እግራቸው ተነሥቷል።

"አነሡት አባባ" እላቸዋለሁ።